የሌላንድ ስቶቫል ጉልበትና የአሰልጣኝ ቲድዌል መዳፍ

አቶ ሌላንድ ሮይ ስቶቫል ከአባታቸው ከአቶ ሮይ ስቶቫልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሞጂን ፕራት እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1957 በምዕራብ ቴክሳስ፣ በዚሁ በሃርፐር ዌልስ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጣውላና የቆርቆሮ መሸጫ ነበራቸው። እናታቸው የዚህን ቤተ ክርስቲያን ፒያኖ ሠላሳ ዓመት ተጫውተዋል፤ ሁለቱ ቁልፎች መሥራት ያቆሙትም በእርሳቸው ጊዜ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እኅታቸው ጆሊን ተወለደች። ይህን የጻፈችውና አሁን ቆማ የምታነበው እርሷ ናት።

ባለፈው ጁን ወር ሐኪሞች በአቶ ሌላንድ ቆሽት ላይ ካንሰር ባገኙ ማግሥት እኅታቸውን አስጠሩና፣ «የሕይወት ታሪኬን አንቺ ትጽፊያለሽ» አሏት።

«እሺ።»

«ቅቤ ሳትቀቢ።»

«የቀብር ጽሑፍ ያለ ቅቤ የት አይተህ ታውቃለህ?»

«ታዲያ ምን ልትይ ነው? ደግ ሰው ነበር፣ ሕፃናት ይወድ ነበር? ሕፃናትማ ማን ይጠላል፣ ጆ! እኔ የምነግርሽን ጻፊ። ኮች ቲድዌል ፊት ለፊትሽ ተቀምጠው እያሉ አንብቢው።»

ከዚያ ነገሯት። ይህች ከተማ ለሃምሳ ዓመት እውነት ብላ የያዘችው አንድ ነገር ውሸት እንደነበር ጆሊን የሰማችው ያን ቀን ነው። የሚነበበውም እርሱን ለማቃናት ነው፤ የቀረው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

አቶ ሌላንድ ትምህርታቸውን ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማሩት እዚሁ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ግድግዳ ላይ የአባታቸው ስም በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር፦ «ሮይ ስቶቫል፣ 1950፣ በአንድ የውድድር ዘመን ሃያ ሁለት የግብ ውርወራ»። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አባት ልጃቸውን ወደዚያ ግድግዳ ይወስዱና ዝም ብለው ያቆሟቸው ነበር። በጣውላው ግቢ አንድ አሮጌ ጎማ በገመድ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ልጅየው ኳስ በጎማው መሐል አሳልፈው ካልወረወሩ እራት አይቀርብም። ጆሊን ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ እራት በልታለች፤ ይህም ካነሣን አይቀር ይነሣ ብላ ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል ለማይከታተሉት የባለቤታቸው ዘመዶች እንዲገባቸው ያህል፣ ኳርተርባክ ማለት በእያንዳንዱ ጨዋታ መጀመሪያ ኳሱ እጁ የሚገባለት፣ የአሰልጣኙን ትእዛዝ ለጓደኞቹ የሚያስተላልፍና ለማን እንደሚወረውር የሚመርጥ ልጅ ነው። አቶ ሌላንድ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ ኳርተርባክ ነበሩ። አሰልጣኛቸው አቶ ኦሪን ቲድዌል በ1970 ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ናዲን ጋር ወደዚህ የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ የሒሳብም መምህር ነበሩ። እዚህ ነፋሱ ሰው የተናገረውን ከአፉ ነጥቆ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አሰልጣኙ የሚያዝዙት በእጅ ምልክት ነበር። ከምልክቶቹ ሁሉ ቀላሉ መዳፍ ወደ መሬት ነው። መዳፋቸውን ወደ መሬት ሲያደርጉ «እየመራን ነው፤ ኳሱን ያዝና ተንበርከክ፤ ሰዓቱ ይለቅ» ማለታቸው ነው። ኳርተርባኩ ተንበርክኮ ጨዋታው ሲያልቅ ማንም ማንንም አይነካም። ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ወይዘሮ ናዲን የተቀደደ የተጫዋች ልብስ ሁሉ ይሰፉ ነበር። የሌላንድን ሲሰፉ ከውስጥ በኩል፣ ማንም በማያይበት፣ ትንሽ ሰማያዊ ስፌት ያክሉበት ነበር። ጆሊን ለምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «ፈሪ ስለሆነ ነው፤ አይታይበትም እንጂ» ብለዋታል።

ኖቬምበር 15 ቀን 1974 ዓርብ የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ነበር። አቶ ሌላንድ በዚያ ዓመት ሃያ ሁለት የግብ ውርወራ ነበራቸው፤ ከአባታቸው ጋር እኩል። ለአባታቸው ይህ እኩልነት የማይዋጥ ነገር ነበር፤ ልጃቸው እንዲያልፋቸው ይመኙ ነበር፣ እንዳያልፋቸውም ይመኙ ነበር። አርባ ሰከንድ ሲቀር 27 ለ 7 እየመራን ነበር። አሰልጣኝ ቲድዌል ከመስመሩ ዳር ቆመው መዳፋቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ልጁ ቆመው ብቻ ሲመለከቷቸው አሰልጣኙ ምልክቱን ደገሙት።

አቶ ሌላንድ አይተዋል። አቧራ አልጋረዳቸውም፤ መብራትም ዓይናቸውን አላጥበረበረውም። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው፣ «ኮች ወርውር ብሏል» አሉ።

ተጋጣሚዎቹ ጨዋታው አብቅቷል ብለው ትከሻቸውን ጥለው ነበር። አቶ ሌላንድ ግን ወደ ኋላ አፈግፍገው ግራ እግራቸውን ተከሉና ክንዳቸውን አነሡ። የተታለለ የመሰለው አንድ ግዙፍ ልጅ በንዴት መጥቶ ከጎን በኩል በዚያች በተተከለች እግር ላይ ወደቀ። ኳሱ ማንም በሌለበት ሣር ላይ አረፈ። ጉልበታቸው ጉልበት ወደማይታጠፍበት አቅጣጫ ታጠፈ። ሐኪሙ ኋላ እንደተናገሩት በጉልበቱ መሐል ያለው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ነበር፤ የውስጥ ጎኑም እንደዚያው፤ ጫፉም እንደ አሮጌ ገመድ ተተልትሎ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ጆሊን በዓይኗ አይታለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ የወንድሟን አንድ እግር ጫማ ታቅፋ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆማ ነበር። አቶ ሌላንድ በቃሬዛ ላይ ግድግዳውን ተጠግተው ተኝተዋል። አባታቸው አሰልጣኙን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «ማነው ወርውር ያለው? ሃያ ነጥብ እየመራን ማነው ወርውር ያለው?» አሉ።

አሰልጣኝ ቲድዌል ወደ ቃሬዛው አዩ። ጆሊን ያኔ ያፈሩ መስሏት ነበር። ለካ የሚጠብቁት ነገር ነበራቸው። ልጁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«እኔ ነኝ፣ ሮይ» አሉ አሰልጣኙ። «የአንተን ቁጥር እንዲያልፍ ፈልጌ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት።»

አቶ ሌላንድ አልተኙም ነበር፤ በመድኃኒትም አልፈዘዙም። ሰዎች እንደዚያ ቢያስቡላቸው ደስ እንደሚላቸው፣ እውነቱ ግን እያንዳንዱን ቃል መስማታቸው መሆኑን እንድትጽፍ ለእኅታቸው አደራ ብለዋታል።

በሚቀጥለው ሳምንት አባታቸው አሰልጣኙ እንዲባረሩ የሚጠይቅ አቤቱታ ጽፈው ጆሊንን ቤት ለቤት ላኳት። ስልሳ አንድ ፊርማ ሰበሰበች። ብስኩት የሰጧት ነበሩ፤ «ጎበዝ፣ ለወንድምሽ ነው» ያሏትም ነበሩ፤ እርሷም ጎበዝ የሆነች መስሏት ነበር። ከፈረሙት ውስጥ አሁን እዚህ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ከዚያ እሑድ አንድ የዕቃ ማጓጓዣ መኪና እነርሱ ሳይጠሩት አሰልጣኙ በር ላይ ቆመ፤ ሾፌሩ «ትለቃላችሁ ተብዬ ነው የመጣሁት» ብሎ ወረቀት አሳየ። ወይዘሮ ናዲን ሽርጣቸውን እንዳደረጉ ወጥተው ስሕተት እንደሆነ ነገሩት፤ ከሩቅ የመጣ መስሏቸው ምሳ አብልተው መለሱት። ስልኩን ማን እንደደወለ ከተማው ሲጠይቅ ኖሯል። በእኛ ቤት ግን ይታወቃል፤ የደወሉት አባታችን ናቸው። መኪናው ለሁለተኛ ጊዜ በጃንዋሪ ሲመጣ ግን አሰልጣኙ ተባርረው ስለነበር የእውነት ነበር።

አሰልጣኝ ቲድዌል ሁለት መቶ ማይል ርቃ በምትገኝ ከተማ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖሩ። ዳግመኛ ቡድን አላሰለጠኑም። ከመሄዳቸው በፊት ግን ለሌላንድ ነፃ የትምህርት ዕድል ሊሰጥ ወዳሰበው ዩኒቨርሲቲ ደውለው፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው» አሉ። ዩኒቨርሲቲው ዕድሉን አልሰረዘም።

ጉልበታቸው በዚያ ዘመን እንደሚደረገው ከላይ እስከ ታች ተከፍቶ ተሰፋ። ከጭናቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ስምንት ሳምንት በጄሶ ቆየ። ጄሶው ሲፈታ ወንድማችን እግራቸውን አይተው፣ «ይሄ የማን ነው?» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እርሳቸው አልሳቁም።

በ1975 ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1976 አራት ጨዋታ ተጫወቱ። ክንዳቸው እንደ ድሮው ነበር። ችግሩ ወርዋሪ ሰው ግራ እግሩን ወደፊት ተክሎ ክብደቱን ሁሉ እርሱ ላይ መጣሉ ነው፤ አቶ ሌላንድ ግን ያቺን እግር አላመኗትም። የሚወረውሩለትን ልጅ በማየት ፈንታ ወደ እግራቸው የሚመጣውን ያዩ ጀመር። ኳሱ አጭር እየሆነ ይወድቃል፤ ተመልካቹም ያላግጣል። በሴፕቴምበር 1977 ልምምድ ላይ ማንም እንዳይነካቸው የሚያስጠነቅቀውን ቀይ ልብስ ለብሰው፣ ማንም በአምስት ሜትር ሳይጠጋቸው፣ ዞር ሲሉ ጉልበታቸው ብቻዋን ከዳቻቸው። ያን ጊዜ የሚወቀስ ሰው አልነበረም። አቶ ሌላንድ ሣሩ ላይ ተኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ወይዘሮ ናዲን ያሰቡት ያኔ መሆኑን ተናግረዋል። ሃያ ዓመታቸው ነበር፤ ኳስም በዚያው አበቃ። በገና ሰሞን አንድ ሻንጣና የብረት የጉልበት ድጋፍ ይዘው ተመለሱ።

በጥጥ መዳመጫው ስድስት ዓመት፣ ከዚያ በትምህርት ቤቱ የአውቶቡስ ጋራዥና ሜዳ ሠላሳ አምስት ዓመት ሠርተዋል። ዓርብ ዓርብ የሜዳውን መስመር በኖራ ያሰመሩት እርሳቸው ናቸው። ከእርሳቸው የበለጠ ቀጥ ያለ መስመር ያሰመረ የለም፤ ይህ ቅቤ አይደለም፣ ሄዳችሁ እዩት። ገበሬዎች ዝናብ ሲጠብቁ ወደ ጋራዡ ብቅ ብለው፣ «ሌላንድ፣ ጉልበትህ ምን ይላል?» ይሏቸው ነበር። «ሐሙስ ይላል» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሐሙስ ይዘንባል። ደረጃ መውጣት ግን ያቅታቸው ነበር፤ ልጆቻቸውን አዝለው አያውቁም፤ በቀዝቃዛ ጧት ጫማቸውን የሚያስሩላቸው ባለቤታቸው ነበሩ።

በ1981 ከወይዘሮ ዶና ፌይ ኦርቴጋ ጋር ተጋቡ፤ ግራንትንና ሼልቢን ወለዱ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሁላችንም ቁርባን ስንቀበል ከመከለያው ሥር ተንበርክከን ነው፤ አቶ ሌላንድ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ቆመው ነው የተቀበሉት። ሁሉም ለጉልበታቸው አዘነላቸው። አንድ ጊዜ ዶና ፌይ፣ «ትራስ ላድርግልህ?» ቢሏቸው፣ «ከጉልበቴ አይደለም፣ ተዪው» አሏቸው። ዶና ፌይ ተዉት።

በ2001 ሼልቢ መረብ ኳስ ስትጫወት ያንኑ ጅማት በጠሰች፤ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ነበር። ሐኪሞቹ በትንንሽ ቀዳዳ ገብተው ጠገኑት፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ መዝለል ጀመረች። በተሻላት ሰሞን ሶፋ ላይ እግሯን ከአባቷ እግር ጎን ዘርግታ፣ «አባዬ፣ የእኔ እኮ ጠባሳ አይባልም፤ የአንተ የባቡር ሐዲድ ነው!» አለች። አቶ ሌላንድ ተነሥተው ወጡ፤ መኪና ውስጥ ገብተው አለቀሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት መቶ ማይል ነድተው አሰልጣኙ ቤት ሄዱ።

አሰልጣኝ ቲድዌል በረንዳ ላይ ተቀምጠው አተር ይፈለፍሉ ነበር። አቶ ሌላንድ ሰላምታ ሳያስረዝሙ፣ «ኮች፣ ያን ቀን እጅዎን አይቼው ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ ልጄ። ሁለቴ ነው ያሳየሁህ፤ ዕውር አልነበርክም።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ሰው የማይታዘዝ ልጅ አልወስድም ብሎኝ ነበር። ጉልበትህ የሚድን፣ የምትጫወትም መስሎኝ ነበር። እዚያ ላይ ተሳሳትኩ።»

«አሁን እናገራለሁ።»

«ሮይ በሕይወት እያለ አትናገርም። አባትህ የሚኖረው እኔን ጠልቶ ነው። እሱን ከነጠቅከው ወይ ወደ አንተ ይዞራል፣ ወይ ወደ ራሱ።»

ይህን ሲሉ ወይዘሮ ናዲን ጎድጓዳ ሳሕን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ኦሪን» አሉ፤ «ሃያ ሰባት ዓመት! ለእኔም?» ወደ አቶ ሌላንድ ዞረው፣ «ሁላችሁም ስለ ሁላችሁም አሰባችሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ? ቤቴ ነበር እኮ፣ ጓደኞቼ ነበሩ» አሉና ሳሕኑን አስቀምጠው ገቡ። አቶ ሌላንድ፣ «ስንቀሳቀስም ስተኛም የምሰማው ይህን ነው፤ የጅማቱን ድምፅ አይደለም» ብለዋል።

አባታችን በ2016 አረፉ። አቶ ሌላንድ በዚያ ቀብር ላይ እውነቱን የጻፉበትን ወረቀት በኮታቸው ኪስ ይዘው ነበር፤ ሳያወጡት ወደ ቤት ተመለሱ። «ነገ፣ ሌላ ጊዜ እያልኩ ለመድኩት» ብለዋል። በ2019 ወይዘሮ ናዲን አረፉ። ይህችን ከተማ ዳግመኛ ሳያዩ፣ ባላቸው ጥፋተኛ እንዳልነበሩ አንድም የቀድሞ ጎረቤታቸው ሳያውቅ ነው ያለፉት። አቶ ሌላንድ በቀብራቸው ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ነበር። ይህ የማይጠገን ነው፤ ጆሊንም የተጠገነ አስመስላ አትጽፈውም። የተናደደችበት ቀን አለ፤ ወንድሟ ታምመው አልጋ ላይ እያሉ ጮኻባቸዋለች፦ «ያን ወረቀት ይዤ ስዞር መስኮት ላይ ሆነህ ታየኝ ነበር! ስልሳ አንድ ቤት አንኳኳሁ!» እርሳቸውም፣ «አዎ፣ አይሽ ነበር» ብቻ አሉ። ጆሊን ይቅር ብላቸዋለች፤ ግን ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል።

ኦክቶበር 6 እሑድ አሰልጣኝ ቲድዌል በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው በእኅታቸው ልጅ መኪና መጡ። አቶ ሌላንድ ከዓርብ ጀምሮ መናገር አቁመው ነበር፤ ዓይናቸው ግን ይከተላል፤ እጃቸውም ብርድ ልብሱን ይዞ አይለቅም፤ ሐኪሙ «እየታገለ ነው» ይሉ ነበር። አሰልጣኙ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «ልጄ፣ የቀረው ሰዓት ጥቂት ነው። እየመራን ነው» አሉ። እጃቸውን አነሡና መዳፋቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ደገሙት።

አቶ ሌላንድ መዳፉን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ብርድ ልብሱንም ለቀቁ።

ኦክቶበር 8 ቀን 2024 ማክሰኞ ጧት በስልሳ ሰባት ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ።

አቶ ሌላንድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዶና ፌይን፣ ልጆቻቸውን ግራንትንና ሼልቢን፣ ሦስት የልጅ ልጆችንና እኅታቸውን ጆሊንን ትተው አልፈዋል። አሰልጣኝ ኦሪን ቲድዌልንም ትተው አልፈዋል፤ ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር በፊተኛው ወንበር የተቀመጡት በስሕተት አይደለም። በበሩ አጠገብ ያለው መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ለለቅሶ ደራሾች አይደለም። ከላዩ «አሰልጣኝ ቲድዌል መዳፋቸውን ወደ መሬት አድርገው ነበር» ይላል፤ ከሥሩ ስልሳ አንድ መስመር አለ። ጆሊን የመጀመሪያው ላይ ፈርማለች። አባታችሁ ወይም እናታችሁ ያኔ ፈርመው ከነበረ እናንተ ልጆቻቸውም መፈረም ትችላላችሁ። ብስኩት የለም።

ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ ይቀበል፤ ያመማትን እግር ያሳርፍ። ከአባታችን አስቀድሞ ከወይዘሮ ናዲን ጋር ያገናኛቸው፤ እርሳቸውም ደጃቸው ላይ አያቁሟቸው። አሜን።